በኪሎ የተመዘነ ዕድሜ
ስለ አሮጌ መጽሔትና መጻሕፍት ስብስብ አገማመት

የሟች ልብስ ለድኻ ይሰጣል። የሟች ቤት ወራሽ አያጣም፤ እንዲያውም ይበዛበታል። የሟች መጽሐፍስ? እስከ ዛሬ ለዚህ ጥያቄ ልማዳችን የሰጠው ቁርጥ ያለ መልስ የለም። ሐያስያንም ብንሆን ስለ መጽሐፍ አጻጻፍ፣ ስለ ገጸ ባሕርያት አሳሳልና ስለ ቋንቋ ውበት ስንከራከር ከርመን፣ መጽሐፉ ታትሞ፣ ተሸጦ፣ ተነብቦ፣ ባለቤቱም ካለፈ በኋላ የት እንደሚደርስ ጠይቀን አናውቅም።

ጥያቄውን ያነሣብኝ ባለፈው ዓመት ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈራችን የሆነ ነገር ነው። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ዐረፉ። አርባቸው እንደወጣ ባለቤታቸው መጻሕፍቱ የተከመሩባትን የጓሮ ሰርቪስ ክፍል አስለቅቀው ለማከራየት አሰቡ። ማንም ሊፈርድባቸው አይገባም። የጡረታ ገንዘብ ከወር ወር በማያደርስበት ጊዜ ባዶ ክፍል እንጀራ ነው፤ መጽሐፍ የሞላበት ክፍል ግን የአይጥና የብል መኖሪያ ነው። «እስቲ ልጄ፣ አንተ የመጽሐፍ ሰው ነህ። ይኼ ሁሉ ምን ያወጣል?» ብለው አስጠሩኝ።

ገባሁ። መምህሩ ልብ ወለድ ብቻ የሚሰበስቡ ሰው አልነበሩም፤ ዋናው ሀብታቸው መጽሔት ነበር። በንጉሡ ዘመን ይታተም የነበረው መነን፣ በአብዮቱ መጀመሪያ ዓመታት ወጣቱ ይሻማበት የነበረው ጎህ፣ የደርግ ዘመኑ የካቲት፣ ከ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ዐዋጅ በኋላ እንደ አሸን ከፈሉት መካከል ደግሞ ጦቢያና ሩህ፣ በየዓመታቸው ተለይተው በሲባጎ ታስረዋል። በእያንዳንዱ የመጀመሪያ ገጽ ጥግ ላይ በእርሳስ የባለቤቱ ስም፣ የተገዛበት ቀንና የተከፈለው ዋጋ ተጽፏል። ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ጠንካራ ሽፋን ያለው ረጅም ደብተር ነበር። ገለጥሁት። የትኛው ጸሐፊ በየትኛው መጽሔት፣ በየትኛው ቁጥር ምን እንደጻፈ በፊደል ተራ የተመዘገበበት ነው። አንድ መምህር በጡረታና በደመወዝ፣ ማንም ሳያዝዛቸውና ማንም ሳያመሰግናቸው፣ ብቻቸውን የሠሩት የመጽሔቶቻችን ማውጫ!

«እትዬ፣ ይኼ ትልቅ ሀብት ነው» አልኋቸው። «ሀብት መሆኑንማ እሳቸውም ሲሉ ኖሩ» አሉኝ። «የሚገዛው ማን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። መልሱን ይዞ የመጣው ከመርካቶ የተጠራው ነጋዴ ነው። ሚዛንና ሁለት ተሸካሚ አስከትሎ ነበር። ወጣት ነው፤ ሥራውን ግን ያውቃል። መደርደሪያውን በዐይኑ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ቃኘው። ከዚያ ሃያ የሚሆኑ መጻሕፍት መዝዞ ለብቻ አስቀመጠ። እያንዳንዱን ገልጦ የታተመበትን ዘመን አየ፣ የመጨረሻዎቹ ገጾች አለመቀደዳቸውን አረጋገጠ፣ ጥራዙን በአውራ ጣቱ ተጫነ፣ የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ማኅተም እንዳለበት ፈተሸ። ሥራው ከግማሽ ሰዓት አልበለጠም። «እማማ፣ እነዚህን በፍሬ እገዛለሁ። የቀረው በኪሎ ነው» አለ።

በፍሬና በኪሎ። ውድ አንባብያን፣ የአሮጌ መጽሐፍ ገበያችን ሙሉ ትምህርት በእነዚህ ሁለት ቃላት ውስጥ አለ። በፍሬ የሚገዛው ስም ያለው መጽሐፍ ነው፤ በኪሎ የሚገዛው የቀረው ሁሉ ነው። አንድ ትልቅ ስብስብ ሲገዛ የነጋዴው ሒሳብ እንዲህ ነው፦ ቶሎ የሚሸጡትን ጥቂቶች ለይቶ ይገምታል፤ በእነሱ ትርፍ የጠቅላላውን ግዢ፣ የተሸካሚውን፣ የመኪናውንና የመጋዘኑን ወጪ ይሸፍናል፤ የቀረው ሲሸጥ ተጨማሪ ትርፍ ነው፣ ካልተሸጠም ወረቀት ፈላጊ አያጣም። ሻጩ በበኩሉ «ሁሉም እኩል ነው፣ ሁሉንም አንሣ» ይላል። ነጋዴው ፍሬውን ብቻ ወስዶ ገለባውን ቢተው ደስ ይለው ነበር፤ ሻጩ ግን ክፍሉ ባዶ እንዲሆን ይፈልጋል። ኪሎ የእነዚህ የሁለቱ ፍላጎቶች መታረቂያ ነው።

ነጋዴውን ለመክሰስ አልተነሣሁም። እንዲያውም እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ በአራት ኪሎና በመርካቶ መጽሐፍ መሬት ላይ አንጥፈው ሲሸጡና ሲያከራዩ የኖሩት ሰዎች ባይኖሩ ከእኛ መካከል ብዙዎቹ አንባቢ ባልሆኑ ነበር። መጽሐፍ ለመግዛት ዐቅም ያልነበረው ተማሪ በሳንቲም ተከራይቶ ያነበበው ከእነሱ ነው። ከቤት የወጣ መጽሐፍ በነጋዴ እጅ ካልወደቀ የሚወድቀው በቁራሌው እጅ ነው፤ ከዚያ ምናለሽ ተራ፣ ከዚያም የኦቾሎኒ መጠቅለያ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ፈርሶ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማው ዳርቻ ሲዛወር፣ ከጠባብ ክፍል ወደ ሌላ ጠባብ ክፍል የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚያራግፈው ዕቃ ምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

የእኔ ነጥብ ሌላ ነው። ነጋዴው በዚያች ግማሽ ሰዓት የሠራው ሥራ ሂስ ነው። ይህ ይቆያል፣ ይህ ይጠፋል ብሎ ፈረደ። የእኛ የሐያስያን ሂስ በመጽሔት ታትሞ አንዱ ያነበዋል፣ ሌላው ያልፈዋል፤ የነጋዴው ሂስ ግን ወዲያው ይፈጸማል፣ ይግባኝም የለውም። ታዲያ መመዘኛው ምንድን ነው? የገበያው ፍላጎት ነው። የገበያውን ፍላጎት የፈጠረው ማን ነው? እኛ ነን። ላለፉት ብዙ ዓመታት ስለ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ በጻፍን ቁጥር የምንጠራቸው መጻሕፍት ያው ጥቂቶቹ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ፍቅር እስከ መቃብርን የማያውቅ መጽሐፍ ነጋዴ የለም። የካቲት መጽሔት ላይ የወጣን አንድ አጭር ልብ ወለድ ግን ማን አንሥቶበት ያውቃል? ሐያሲው ስሙን ያልጠራውን ነጋዴው በፍሬ ሊገዛው አይችልም። በኪሎ የሄደው እኛ ዝም ያልነው ነው።

ክብደት ስለ ጽሑፍ ምንም እንደማይነግረን ከታሪካችን አንድ ማስረጃ ይበቃል። ነቢይ መኮንን ነገም ሌላ ቀን ነው የተባለውን ትርጉሙን የሠራው በደርግ ዘመን እስር ቤት ውስጥ፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው። እነዚያ ቁርጥራጮች ሚዛን ላይ ቢወጡ ስንት ያወጡ ነበር? ለማያውቅ ሰው ቆሻሻ ናቸው።

ስብስብ የሚገመትበት ሌላ መንገድ የለም ወይ? አለ። ምሳሌውን ከሩቅ አገር፣ ያውም ከታተመ ነገር ሁሉ ተንቆ ከኖረው፣ ኮሚክ ከሚባለው የሥዕል መጽሔት ላምጣ። ኮሚክ በአሜሪካ የልጆች ማታለያ ተብሎ ይቆጠር ነበር። ልጆች አንብበው ይጥሉት፣ እናቶች ጠራርገው ያቃጥሉት ነበር። ሱፐርማን የተባለው ጀግና ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 እ.ኤ.አ. በ1938 ሲወጣ ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር። ከዚያው እትም የተረፈ አንድ ቅጂ በ2024 በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ለእኛ የሚጠቅመን ግን ይህ የሚያስደነግጥ ቁጥር ሳይሆን የኤድጋር ቸርች ታሪክ ነው። እኚህ ሰው በኮሎራዶ ግዛት የማስታወቂያ ሥዕል እየሣሉ የሚኖሩ ነበሩ። ለብዙ ዓመታት ኮሚክ እየገዙ በቤታቸው ሲያከማቹ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1977 ቤተሰቡ ቤቱን ሲያራግፍ ቻክ ሮዛንስኪ የተባለ ወጣት ነጋዴ ተጠራ፤ ከ18 ሺህ የሚበልጡትን መጽሔቶች እያንዳንዱን በጥቂት ሳንቲም ሒሳብ ጠቅልሎ ገዛቸው። እስከዚህ ድረስ የኮልፌው ታሪክ ነው፤ ጡረታ የወጣ ሰው፣ ክፍሉን የሚፈልግ ቤተሰብ፣ በርካሽ የሚገዛ ነጋዴ። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ነጋዴው ስብስቡን በታትኖ ቢሸጠውም የሰብሳቢውን ስም አላጠፋም። ዛሬም ከዚያ ክምር የወጣ አንድ ቅጂ ገበያ ላይ ሲቀርብ የኤድጋር ቸርች ቅጂ ተብሎ ነው የሚቀርበው። ስሙ ዋጋ ይጨምራል።

ለምን ይጨምራል? መዝገብ ስላለ ነው። ሮበርት ኦቨርስትሪት የተባለ ሰው ከ1970 ጀምሮ እያንዳንዱ ኮሚክ በየትኛው ዓመት እንደወጣ፣ ስንት ቁጥር እንደነበረውና እንደ አያያዙ ምን እንደሚያወጣ የሚዘረዝር መጽሐፍ ማሳተም ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሻጭም ገዢም የሚነጋገሩት አንድ ገጽ ከፍተው ነው። እርግጥ ነው ነገሩ ተለጥጦ መረን የወጣበትም አለ። ከ2000 ጀምሮ የመጽሔቱን አያያዝ ከአሥር የሚያርም፣ ካረመም በኋላ በፕላስቲክ አሽጎ የሚመልስ ድርጅት ተቋቁሟል። የታሸገው መጽሔት ከተከፈተ ማርኩን ያጣል። ስለዚህ በሚሊዮን የተገዛ መጽሔት ማንም የማያነበው መጽሔት ሆነ። ይህን አልመኝልንም። እኛ በኪሎ ገደልነው፣ እነሱ በፕላስቲክ ገነዙት፤ ለአንባቢው ሁለቱም ያው ናቸው። የምመኘው መዝገቡንና ስሙን ነው።

ስም ማቆየት ደግሞ ከባሕር ማዶ የምንኮርጀው ልማድ አይደለም። ብራና የገለጠ ሰው ያውቀዋል። ያጻፈው ሰው ስም፣ የሰጠው ሰው ስም፣ የተሰጠበት ደብር ስም ይጻፋል፤ ቀጥሎም የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ይባላል። አባቶቻችን መስረቅንና መፋቅን በአንድ ውግዘት ማሰራቸው ትልቅ ማስተዋል ነው። መጽሐፉን የወሰደ ወረቀቱን ወሰደ፤ ስሙን የፋቀ ግን መጽሐፉ ከየት እንደመጣ የሚናገረውን ምስክር ገደለ። እርግጥ ውግዘቱ ሁልጊዜ አላዳነም፤ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ ሌላ የተጻፈባቸው ብራናዎች ብዙ ናቸው።

በአገራችን ከተካሄዱት የመጻሕፍት ሽያጮች ሁሉ የሚመረው በመቅደላ የሆነው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ መድኃኔ ዓለም ብለው ለሚያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ከጎንደር አድባራት ጭምር ያሰባሰቧቸው ብራናዎች እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1868 በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቁ። ጦሩ የዘረፈውን በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወሰደና እዚያው ሜዳ ላይ ሐራጅ አወጣው፤ ገንዘቡም ለወታደሩ ተከፋፈለ። ወደ 350 የሚሆኑት ብራናዎች ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1877 ዊልያም ራይት የተባለ ሊቅ የሙዚየሙን የግዕዝ ብራናዎች አንድ በአንድ የሚገልጽ ካታሎግ አሳተመ። ዘረፋው ዘረፋ ነው፤ ካታሎጉ አያነጻውም። ይሁን እንጂ አንድ የሚያሳፍር ነገር አለ። የተዘረፈው ስብስባችን ዝርዝር አለው፤ ማንም ሳይዘርፈን በገዛ እጃችን ከጓሮ ክፍል አውጥተን የሸጥነው ግን ዝርዝር የለውም። ቴዎድሮስ ምን ምን መጽሐፍ እንደነበራቸው ከኮልፌው መምህር ይልቅ በተሻለ እናውቃለን።

«ዛሬማ ሁሉም በቴሌግራም ይገኛል» የሚሉ ይኖራሉ። ስመ ጥር ልብ ወለዶችን በተመለከተ እውነታቸውን ነው፤ ከደራሲው ፈቃድ ውጪ መሆኑ የራሱ ጣጣ ቢኖረውም። ነገር ግን በስልክ ተቀድተው የሚዞሩት ያው ነጋዴው በፍሬ የመረጣቸው ናቸው። ተከታታይ ቁጥር ያለው መጽሔት፣ ከአንባብያን ደብዳቤውና ከማስታወቂያው ጋር፣ ሙሉ ዓመቱ ተሟልቶ የሚገኘው እንደ መምህሩ ባለ ሰው ቤት ነው። የመጽሔት ዋጋ ደግሞ በመሟላቱ ነው። አሥራ ሁለቱ ወራት አንድ ላይ ሲሆኑ አንድ ክርክር ከተጀመረበት እስከተዘጋበት ድረስ ይታያል፤ ማን ምን ብሎ እንደመለሰ፣ ማን ዝም እንዳለ ይታወቃል። ሦስቱ ከጎደሉ ክርክሩ ይቆረጣል። ሲባጎው ተፈትቶ አንድ አንድ ሲሸጥ እያንዳንዱ ገዢ የዕለት ንባብ ያገኛል፤ ዘመኑ ግን ይፈርሳል።

አሁን ወደ ራሴ ኃጢአት ልመለስ፤ ሌላውን ስወቅስ ቆይቼ የራሴን ብሸፍን ሂስ አይሆንምና። ነጋዴው በፍሬ ካስቀመጣቸው መካከል አንዱ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የታተመው ኦሮማይ ነበር። የዚህን መጽሐፍ ታሪክ አንባቢ ያውቀዋል። እንደወጣ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በዓሉ ግርማም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። በዚያን ጊዜ የተረፉት ቅጂዎች ከእጅ ወደ እጅ በድብቅ ዞሩ። ዛሬ መጽሐፉ በተደጋጋሚ ታትሞ በየመደብሩ ስለሚሸጥ ለንባብ ሲባል የመጀመሪያውን እትም የሚፈልግ የለም፤ የሚፈለገው ያንን ዘመን ያለፈ ወረቀት ስለሆነ ነው። መምህሩ ይህን ቅጂ በዚያ ፍርሃት መሐል ይዘው ቆይተዋል። የገዙበት ቀን 1975 ዓ.ም. መሆኑ በእርሳስ ተጽፎበታል።

ነጋዴው ከጠራው ጥቂት ጨምሬ ለባለቤታቸው ከፈልሁና መጽሐፉን በብብቴ ይዤ ወጣሁ። የቀረው ሁሉ ተመዘነ። አዎን፣ እኔም በፍሬ ገዛሁ፤ የቀረውን ለኪሎ ተውሁት። ሐያሲ ነኝ የምለው ሰው ከነጋዴው የተለየሁት በዋጋ ብቻ ነው። ቤቴ ገብቼ ሻይ ከጠጣሁ በኋላ ደብተሩ ትዝ አለኝ። ተመልሼ ስሄድ መኪናው ሄዷል። በሳምንቱ ነጋዴውን መርካቶ ፈልጌ አገኘሁት። መጽሔቶቹ ሲባጎአቸው ተፈትቶ ከሌሎች ጋር ተደባልቀዋል። «ደብተሩስ?» አልሁት። «የቱ ደብተር? የተጻፈበት ደብተር ማን ይገዛል ጋሼ? ከወረቀቱ ጋር ሄዷል» አለኝ። አልዋሸም፤ በገበያ ሕግ የተጻፈበት ደብተር ዋጋው ከባዶ ደብተር ያነሰ ነው።

ስለዚህ ምን ይደረግ? ትልቅ ነገር አልጠይቅም። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ወመዘክር አለን፤ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለን፤ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም በልገሳ ብዙ መጻሕፍት ተቀብሏል። ሆኖም ባለቤቷን የቀበረች ሴት ክፍሏን ለማስለቀቅ የምትጠብቀው ቀናትን እንጂ ደብዳቤ ተጽፎ መልስ እስኪመጣ አይደለም። ነጋዴው ሁልጊዜ የሚያሸንፈው በጠራነው ቀን ስለሚመጣ ነው። ስለዚህ ሥራው ከሞት በፊት ነው። የሰበሰበ ሰው በሕይወቱ ሳለ ምን እንዳለው ይጻፍ፤ ሙሉ የሆኑትን የመጽሔት ዓመታት ለይቶ «እነዚህ አይነጣጠሉም» ብሎ ለልጆቹ ይንገር። ልጆችም ሚዛን ከመምጣቱ በፊት መደርደሪያውን በስልካቸው ፎቶ ያንሡት፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ነጋዴውም ቢሆን የታሰረውን ሳይፈታ፣ ስሙን ሳይቀድድ ቢሸጥ ከጊዜ በኋላ የሚያተርፈው እሱ ራሱ መሆኑን ከኤድጋር ቸርች ቅጂዎች ይማር። እኛ ሐያስያን ደግሞ ስለ አዲስ መጽሐፍ ከምንጽፈው ጥቂቱን ቀንሰን ስለ አሮጌ መጽሔት እንጻፍ። ስም የሌለው ነገር ዋጋ አያወጣም፤ ስም የምንሰጠው እኛ ነን።

ነገሩ ያለፈውን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ2018 ጀምበር የተባለ፣ ኢትዮጵያዊ ጀግና ያለበት ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጥቷል፤ ደራሲው በሥራት ደበበ ነው። የመጀመሪያዋን ቁጥር ገዝቶ፣ ቀኑንና ዋጋውን ጥግ ላይ ጽፎ ያስቀመጠ ልጅ በኮልፌ ወይም በአየር ጤና ይኖር ይሆን? ካለ፣ እናቱ «ይኼን ኮተት አንሣልኝ» ሳትለው አትቀርም።

የመምህሩ ኦሮማይ አሁን በእኔ መደርደሪያ ላይ ነው። በእርሳስ የተጻፈው ስም ደብዝዟል፤ ከሥሩ የራሴን ስም ጨምሬ የእሳቸውን አልነካሁም። በዚያው ሳምንት ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ገዝቼ ያሉኝን መጽሔቶች መመዝገብ ጀምሬአለሁ። ገና ሁለተኛው ፊደል ላይ ነኝ።